ከጓሮ እስከ ጓዳ፦ በስም የምንሳሳታቸው ነገሮች

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። አንድ የውጭ ሼፍ ሩዝ ሲሠራ አይታ ነበር። ሰውየው ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አደረገች። ሽንኩርቱን አቁላላች፣ ሩዙን አጠበች፣ ቅመሙን በማንኪያ ለካች። ሩዙ ሲቀርብ ግን ቤቱ በሙሉ ጦስኝ ጦስኝ ሸተተ። እናቷ ቀመሰችና «ምነው ልጄ፣ ምን ጨመርሽበት?» አለቻት።

ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። ሼፉ «ኩሚን» አለ። እሷ አዝሙድ ማለቱ ነው ብላ ገበያ ሄደች፣ ነጭ አዝሙድ ገዝታ ተመለሰች። ባለሱቋም የተጠየቀችውን ነው የሰጠችው።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። ጓሮዬ አራት መደብ፣ አንድ አቮካዶ፣ አንድ ሎሚ፣ አጥር ሥር ደግሞ ጌሾ አላት። የቴሌቪዥንና የዩቲዩብ አትክልተኞችን እወዳቸዋለሁ፤ ሼፎቹንም እንደዚያው። ብዙ አስተምረውኛል። ነገር ግን ከእነሱ የሰማሁትን እንዳለ ወደ ጣና ዳር ሳመጣ ደጋግሜ ከስሬያለሁ። ብዙውን ጊዜ ያከሰረኝ የእጄ ሥራ ሳይሆን ቃሉ ነው። ስለዚህ እኔም ጎረቤቶቼም የተሳሳትንባቸውን እዚህ ላስቀምጣቸው።

ከሙንን «አዝሙድ» ማለት

ከሁሉም የበዛው ስህተት ይኼ ነው።

በእንግሊዝኛ «ኩሚን» የሚባለው በእኛ ከሙን ነው። ነጭ አዝሙድ ሌላ ቅመም ነው። ፈረንጆቹ የህንዶቹን ስም ወስደው «አጅዋይን» ይሉታል። ውስጡ ታይሞል የሚባል ሽታ ሰጪ ነገር አለው። ጦስኝን ጦስኝ የሚያሸተውም እሱው ነው። የዚያች ልጅ ሩዝ ጦስኝ የሸተተው ለዚህ ነው።

ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ከሁለቱም ጋር አይገናኝም። አንዳንድ የእንግሊዝኛ የምግብ አሠራር «ብላክ ኩሚን» ብሎ ስለሚጠራው ነገሩ ይበልጥ ይምታታል። ከሙን፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድምብላል፣ እንስላል፣ ካሮት ሳይቀር የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ጥቁር አዝሙድ ከዚያ ቤተሰብ ውጭ ነው። የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።

ገበያ ውስጥ መለየት ቀላል ነው። ቁንጥር ያህል ስጡኝ በሉ። መዳፍ ላይ አድርጋችሁ በአውራ ጣት ፈተግ ፈተግ አድርጉት። ከሙን ረዘም ቀጠን ያለ፣ ቡናማ፣ ላዩ ላይ መስመር ያለው ነው። ነጭ አዝሙድ አጠር ድቡልቡል ያለና ግራጫማ ነው፤ ሲፈተግ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ጥቁር አዝሙድ ደረቅ፣ ባለማዕዘን፣ ጥቁር ነው። ሦስቱን አንዴ በእጃችሁ ካሸታችኋቸው በኋላ ማንም አያሳስታችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅመም ሻጭ እናቶች «ለምን ልታደርጊው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ብዙ ወጣቶች ይኼ ጥያቄ ጉዳያችን ውስጥ መግባት ይመስላቸውና «ዝም ብለሽ ስጪኝ» ይላሉ። እባካችሁ መልሱላቸው። «ለሩዝ ነው» ብትሉ ኖሮ ነጭ አዝሙዱን አይሰጧችሁም ነበር።

የማን እንግሊዝኛ እንደሆነ አለመጠየቅ

ታዋቂው የቴሌቪዥን ሼፍ ጄሚ ኦሊቨር እንግሊዛዊ ነው። «ኮሪያንደር» ሲል ቅጠሉንም ፍሬውንም ሊሆን ይችላል። አሜሪካኖች ግን ቅጠሉን «ሲላንትሮ» ብለው ለይተውታል። እኛ ድምብላል ስንል በአብዛኛው የምናስበው ፍሬውን ነው። ስለዚህ «አንድ እፍኝ ኮሪያንደር» የሚል የእንግሊዝ አሠራር ስታዩ ቆም በሉ። አንድ እፍኝ የድምብላል ፍሬ ድስት ውስጥ ከገባ ምግቡ ተበላሸ ማለት ነው።

እንግሊዞች «ኮርጄት» የሚሉት የእኛው ዝኩኒ ነው። «ኦበርጂን» ወይም «ኤግፕላንት» ደበርጃን ነው። «ሮኬት» እና «አሩጉላ» አንድ ሰላጣ ናቸው። «ኮርንፍላወር» በእንግሊዝ የበቆሎ ስታርች ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን የበቆሎ ዱቄት ሊሆን ይችላል። በአንዱ መረቅ ይወፍራል፣ በሌላው ገንፎ ይሆናል።

ቆስጣን በተመለከተ ብዙ ምግብ ቤቶች ሜኑ ላይ «ስፒናች» ብለው ይጽፉታል። ትክክለኛው «ስዊስ ቻርድ» ነው። ቃሉን ከጣሊያንኛ ነው የወሰድነው። የሚገርመው ደግሞ ቆስጣና ቀይ ሥር በተክል ሳይንስ አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱን ለቅጠሉ፣ ሌላውን ለሥሩ ብለን አሳደግናቸው እንጂ። ስለዚህ የቀይ ሥርን ቅጠል አትጣሉ። እንደ ቆስጣ በነጭ ሽንኩርት ጠበስ አድርጉት።

ጎመንም እንደዚሁ ነው። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ጎመን የሚሠሩት «ኮላርድ ግሪን» በሚባል ቅጠል ነው። ያገኙት እሱን ስለሆነ ተገቢ ነው። የእኛ የሐበሻ ጎመን ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ ዘሩም ጎመን ዘር የምንለው ነው። ኮላርድ ወፍራምና ጠንካራ ቅጠል ስላለው ረጅም ሰዓት ይቀቅሉታል። ያንን ሰዓት አይቶ ለጋ የሐበሻ ጎመንን የሚቀቅል ሰው ምን እንደሚተርፈው መገመት ይቻላል።

ስሙ ተቀራረበ ብሎ መቅጠፍ

ይኼኛው ለጣዕም ሳይሆን ለሕይወት ያሰጋል።

እ.ኤ.አ. በ2008 አንቶኒ ዎራል ቶምፕሰን የተባለ የታወቀ እንግሊዛዊ ሼፍ ለአንድ መጽሔት ስለ ዱር ቅጠሎች ተናገረ። «ሄንቤን» የተባለው ተክል ለሰላጣ ጥሩ ነው አለ። ሄንቤን ግን ገዳይ መርዝ ነው። ለማለት የፈለገው «ፋት ሄን» ነበር፤ ይኼኛው የሚበላ ቅጠል ነው። ሁለቱም ስም ውስጥ «ሄን»፣ ማለትም ሴት ዶሮ የሚል ቃል አለ። ምላሱ በዚያ ተሳሳተ። መጽሔቱ ለአንባቢዎቹ አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ ለማውጣት ተገደደ፣ ሼፉም ይቅርታ ጠየቀ።

ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም ያነሳሁት። ዕድሜውን ሙሉ ምግብ ሲሠራ የኖረ ሰው ከተሳሳተ እኛም እንሳሳታለን።

በእኛ አገር የሄንቤን ዘመድ አስተናግር ነው። አጠፋሪስም ይባላል። ባሕር ዳር ውስጥ ቆሻሻ በሚጣልበት፣ በመንገድ ዳር፣ ባዶ ቦታ ላይ ይበቅላል። ነጭ ጥሩምባ የሚመስል አበባና እሾሃማ ፍሬ አለው። ከቅጠል እስከ ዘር መርዝ ነው። «የዱር ቅጠል ለጤና» የሚል ቪዲዮ አይቶ ማንም ሰው ወደ ባዶ ቦታ እንዳይወጣ። ቅጠሉን በስሙም በመልኩም የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ አትቅጠፉ።

ጤና አዳምን እዚህ ጋ ማንሳት አለብኝ። የውጭ አትክልተኞች ይኼን ተክል «ሩ» ይሉታል። ሲነኩት ጓንት ያደርጋሉ፣ «ተጠንቀቁ» ይላሉ። የእኛ ሰው ይኼን ሲሰማ ይናደዳል። ቡና ውስጥ ጣል የምናደርገው፣ ስሙ ራሱ ጤና የሆነ ቅጠል እንዴት መርዝ ይባላል? እኔ ሁለቱም ወገን ልክ ነው ባይ ነኝ። አንድ ቀንበጥ ቡና ውስጥ ማስነካት ሌላ ነው፤ አንድ ጆንያ ቅጠል በፀሐይ ሲያጭዱ መዋል ሌላ ነው። የቅጠሉ ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። እርጉዝ ሴት ደግሞ ጤና አዳምን ብትተወው ይሻላታል። የባሕር ዳር ፀሐይ ቀላል አይደለችም። ስትከረክሙት ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ እጅጌ ያለው ልብስ ለብሳችሁ ይሁን።

የሌላ አገር ወርና የሌላ አገር ፀሐይ መዋስ

የቴሌቪዥን አትክልተኛው ሞንቲ ዶን በእንግሊዝ ሄርፎርድሺር ከሚገኘው የራሱ ጓሮ ሆኖ «አሁን ዝሩ» ይላል። ድምፁ የረጋ ነው፣ እጁ አፈር የለመደ ነው። ብታምኑት አይፈረድባችሁም። ነገር ግን «አሁን» ሲል ውርጩ አለፈ ማለቱ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የምንጠብቀው ውርጭ የለም። እኛ የምንጠብቀው ዝናብን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ይወርዳል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት አፈሩ ይደርቃል። የእሱ የዓመት መቁጠሪያ ብርድ ነው፣ የእኛ ውሃ።

ወሩ ራሱም ያሳስታል። «ማርች» ማለት መጋቢት ነው ብለን እንተረጉማለን። ማርች የሚጀምረው ግን የካቲት 22 ላይ ነው።

ከወሩ የባሰው የፀሐይዋ ነገር ነው። የእንግሊዝ መጽሐፍ ሁሉ «ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ሥር ትከሉ» ይላል። በእነሱ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ነው። ባሕር ዳር ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን በስተሰሜን ነው ያለችው። ይኼን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። በሰኔ፣ ደመናው ገለል ያለ ቀን፣ በስድስት ሰዓት አንድ እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ሰሜን። እኔ በመጽሐፉ ቃል ተመርቼ ቲማቲሜን በደቡቡ ግድግዳ ሥር ተከልኩ። ልክ ፀሐይዋ በተፈለገችበት ሰሞን ግድግዳው ጥላ ሆነባቸው።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ ልምጣ። አንድ ዘመዴ ከለንደን የሽንኩርት ዘር ላከልኝ። ፓኬቱ ላይ እንደ ቡጢ የሚያህል ሽንኩርት ተሥሏል። በጥቅምት ዘራሁ፣ ችግኙ ሲጠና አዛወርኩ፣ ኮተኮትኩ፣ አጠጣሁ። ቅጠሉ ሰው አስቆሞ የሚያሳይ ሆነ። ሥሩን ስነቅለው ግን ምንም ኳስ የለም። እንደ ባሮ ሽንኩርት ቀጥ ያለ አንገት ብቻ። አፈሩን ጠረጠርኩ። ውሃውን ጠረጠርኩ። ሌላ ፍግ ጨመርኩ። ሁለተኛው ዙርም ያው ሆነ።

ነገሩ የቀኑ ርዝመት ነው። ሽንኩርት ሥሩን የሚቋጥረው ቀኑ በቂ ያህል ሲረዝምለት ነው። ለሰሜን አውሮፓ የተዘጋጀው ዝርያ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን ይፈልጋል። በእንግሊዝ ሰኔ ላይ ቀኑ ከ16 ሰዓት ያልፋል። ባሕር ዳር ውስጥ በዓመቱ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ያ ሽንኩርት እዚህ መቶ ዓመት ቢጠብቅ ምልክቱን አያገኝም። ፈረንጆቹ «ሎንግ ዴይ» (ረጅም ቀን የሚፈልግ) እና «ሾርት ዴይ» (አጭር ቀን የሚበቃው) ብለው ይለዩታል፤ ፓኬቱ ላይ ያለውን ይኼን ቃል ያላነበበ ሰው እንደ እኔ ሁለት ዙር ይደክማል። ለእኛ የሚሆነው እንደ ቦምቤይ ሬድ እና አዳማ ሬድ ያለው በአገራችን የተለመደው ዝርያ ነው።

ዘመድ ዘር ልላክላችሁ ሲል ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ካሮት ይላክ። ሽንኩርት ግን በጭራሽ።

«ኮምፖስት» አንድ ነገር ብቻ መምሰሉ

የእንግሊዝ አትክልተኛ «ኮምፖስት» ሲል ሁለት የተለያየ ነገር ማለቱ ሊሆን ይችላል። አንዱ እኛ የምናውቀው ከቅጠልና ከወጥ ቤት ትራፊ የሚሠራ ብስባሽ ነው። ሌላው ሱቅ ውስጥ በከረጢት የሚሸጥ፣ ለችግኝ ተብሎ የተቀመመ ማብቀያ ነው። ይኼን ሁለተኛውን አሜሪካኖች «ፖቲንግ ሚክስ» ይሉታል። «ዘሩን ኮምፖስት ውስጥ ዝሩ» ሲል ከረጢቱን ነው የሚያወራው። እኛ ያንን ሰምተን ገና ትኩስ በሆነ ብስባሽ ውስጥ ስንዘራ ችግኙ ገርጥቶ ይቀራል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሁለት እጅ ጥሩ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ብስባሹ መብሰሉን በእጃችሁ እዩ። ሲጨብጡት ሙቀት የለውም። ምን እንደነበረ አይለይም። ሽታው የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ነው።

በዚህ ጉዳይ የእኛ ቋንቋ ከእንግሊዝኛው ይሻላል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። እነሱ «ማኑር» ብለው ሁሉንም ይጠቀልሉታል፤ ከዚያ «የበሰበሰ»፣ «ያልበሰበሰ» ብለው ማብራራት አለባቸው። እኛ ትኩሱን እበት እንላለን። ለማገዶ የደረቀውን ኩበት። ተከማችቶ የበሰለውን ፍግ። አንድ ቃል ብቻ ብሎ ሁሉንም መናገር ይቻላል። ወጣት አትክልተኞቻችን ግን ፍግ የሚለውን እየተዉ «ኦርጋኒክ ማዳበሪያ» ይላሉ። ማዳበሪያ የሚለው ቃል ደግሞ በከተማው አፍ ጆንያም ሆኗል፤ «አንድ ማዳበሪያ ከሰል» እንላለን። «ለአንድ መደብ አንድ ማዳበሪያ ይበቃል» ተብሎ የተነገረው ሰው ጆንያውን ይሁን ዩሪያውን በምን ይወቅ? ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። በእሱ ላይ መሳሳት መደቡን ያቃጥላል። ፍግን ፍግ፣ ዩሪያን ዩሪያ እንበል።

ቻርልስ ዳውዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ ሳይቆፍሩ ማምረትን በሰፊው አስተዋውቋል። ካርቶን አንጥፎ ላዩ ላይ ወፍራም ብስባሽ ያለብሳል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። እዚህ ግን ሁለት ነገር ይታሰብ። ካርቶኑን ምስጥ ይወደዋል። መሬታችሁ ዋልካ ከሆነ ደግሞ በሐምሌ ውሃ ይተኛበታል፤ መደቡ ከፍ ብሎ ካልተሠራና ቦይ ካልወጣለት ያ ሁሉ ብስባሽ ጭቃ ውስጥ ይቀራል።

«የተዳቀለ ነው» ሲባል ማመን

ችግኝ መሸጫ ስትሄዱ «ይኼ አቮካዶ የተዳቀለ ነው» ይሏችኋል። ይኼ ቃል ሁለት ፍጹም የማይገናኙ ነገሮችን አንድ አድርጎብናል። አንደኛው የሁለት ወላጆች ዘር የተቀላቀለበት ነው፤ እንደ ድቅል በቆሎና ድቅል ቲማቲም። ሁለተኛው የአንዱን ዛፍ ቀንበጥ በሌላው ግንድ ላይ ማጣበቅ ነው። ብዙ ሰው ይኼን «ግራፍቲንግ» ይለዋል። አቮካዶው ላይ የሆነው ይኼኛው ነው።

ልዩነቱ ለምን ያስፈልጋል? ከድቅል ቲማቲም ዘር ለይታችሁ ብትዘሩ የሚወጣው እናቱን አይመስልም። በየዓመቱ መግዛት ነው። ከተጣበቀ አቮካዶ ደግሞ ፍሬውን በልታችሁ ዘሩን ብትተክሉ ያው አቮካዶ አይሆንም፤ ፍሬ ለማየትም ስድስት ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። የተጣበቀው በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል። ሃስ የሚባለው የታወቀ አቮካዶ በመላው ዓለም ያለው ሁሉ በካሊፎርኒያ ከነበረች አንዲት ዛፍ በማጣበቅ የተባዛ ነው። የዛፏ ባለቤት ሩዶልፍ ሃስ ፖስታ አዳይ ነበር፤ ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1935 በስሙ አስመዘገበ።

ስለዚህ ሻጩን «የተዳቀለ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት። አዎ ይላችኋል። ቁጭ በሉና ግንዱን እዩ። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ግንዱ እንደ ጉልበት እብጥ ይላል። ከእብጠቱ በታች ልጡ አንድ መልክ ነው፣ በላይ ሌላ መልክ። አንዳንዴ የታሰረበት ላስቲክ ገና አልተፈታም። በጣታችሁ ዳብሱት፤ ጠባሳው ይሰማችኋል። ጠባሳ ከሌለ ከዘር የበቀለ ነው። እቤት ወስዳችሁ ስትተክሉ ያ ጠባሳ በአፈር እንዳይሸፈን። ከሱ በታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ቶሎ ቶሎ ቁረጡ። ያ ቁጥቋጦ የገዛችሁትን ዛፍ ቀምቶ የራሱን ያሳድጋል።

መርዙን «መድኃኒት» ማለት

ከሁሉም ስህተት በጣም የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

ቃሪያው ላይ ተባይ ሲወጣ «መድኃኒት ርጭበት» እንላለን። ገበሬውም እንዲሁ ይላል፣ ሻጩም፣ እኛም። መድኃኒት ደግ ቃል ነው። የሚያድን ነው። ልጅ ሲታመም የምንሰጠው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መድኃኒት የተረጨበትን ቃሪያ በማግስቱ ቢቀጥፍ አይደነግጥም። የተረፈውን በውሃ ፕላስቲክ ቀድቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ልጆች በሚደርሱበት።

አንዲት ጎረቤቴን «እትዬ፣ ይኼን ነገር መርዝ ብንለውስ?» አልኳት። «ተው እንጂ፣ ቤቴ ውስጥ መርዝ አለ ልበል?» አለችኝ። አዎ፣ በሉ። ቃሉ ሲከብድ እጅም ይጠነቀቃል። ፀረ ተባይ በሉት፣ ኬሚካል በሉት፣ ብቻ መድኃኒት አትበሉት። ስሙ የተጻፈበት ዕቃ ውስጥ ያልሆነውን አትግዙ። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት ዕቃው ላይ ተጽፏል። ማንበብ ካስቸገረ የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ለጓሮ ቃሪያና ጎመን ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም አያስፈልግም። ክሽክሽን በማለዳ በውሃ ግፊት ማራገፍና የታመመውን ቅጠል መልቀም ይበቃል።

ምክርና ማስታወቂያን አለመለየትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ፐርሲ ትሮወር የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የመጀመሪያው ዝነኛ አትክልተኛ ነበር ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ያምነው ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለአንድ ትልቅ የኬሚካል ኩባንያ ማስታወቂያ ለመሥራት ሲፈርም ቢቢሲ ከአትክልት ፕሮግራሙ አነሳው። በዚያን ጊዜ መስመሩ ግልጽ ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናየው ሰው ግን «ይኼን ተጠቀሙ» ሲል ተከፍሎት ይሁን ሞክሮት አናውቅም። አንድ ምርት በስሙ እየጠራ ጠርሙሱን ወደ ካሜራ ካዞረ እኔ ቪዲዮውን እዚያው እዘጋዋለሁ።

አበባው አማረ ብሎ ውሃ ውስጥ መጣል

አጭር ነው። በውጭ አገር የአትክልት ፕሮግራም ኩሬ ላይ የሚንሳፈፍ ሐምራዊ አበባ ታያላችሁ። «ዋተር ሃያሲንዝ» ይሉታል፣ ስሙም ያምራል። እምቦጭ ነው። ከአማዞን አካባቢ የመጣ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 መሸጡን ከልክሏል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮው ሊጠበቅ የሚገባው አካባቢ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እምቦጭ ግን ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን እያስጨነቀው ነው። ለጉዝጓዝ ወይም ለብስባሽ ብላችሁ ከዳር ብትወስዱት አበባ ያላወጣውን ምረጡ፣ ከውሃ ራቅ አድርጋችሁ ክው እስኪል አድርቁት። ዘሩ ለዓመታት አይሞትም።

የሼፉን ደቂቃና የሼፉን «ካፕ» ማመን

ዲሊያ ስሚዝ የምትባል እንግሊዛዊት በቴሌቪዥን ያነሳችው ዕቃ ከየሱቁ ያልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ስሟ ራሱ እንደ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ። እሷ እንቁላል መቀቀልን ሳይቀር ለሕዝብ አስተምራለች። ግን የእሷ ውሃ በ100 ዲግሪ ነው የሚፈላው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳቱን ብትጨምሩ ውሃው ይተናል እንጂ አይግልም። ስለዚህ እንቁላሉም ባቄላውም ከተባለው በላይ ይቆያል። ሽንብራና ቦሎቄ ከሆነ ፕሬዠር ኩከር ማውጣት ነው።

«ካፕ» ደግሞ ስኒ አይደለም። የአሜሪካ ካፕ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። የቡና ስኒያችን የዚያን ሲሶ ያህል ቢይዝ ነው። በስኒ እየለኩ ኬክ የጋገሩ ሰዎች አውቃለሁ።

«ባለሙያ» የሚለውን ስም ለካሜራ ብቻ መስጠት

ይኼ ቃል ድሮ በእኛ ቤት ለማን ነበር የሚባለው? ወጧ የማይቀጥን፣ ጠላዋ የማይከፋ፣ ፈትሏ የማይበጠስ ሴት «ባለሙያ» ትባል ነበር። አሁን ቃሉ ከረባት አስሯል። ካሜራ ፊት የቆመ ሁሉ ባለሙያ ነው፤ እናቶቻችን ግን «ዝም ብለው ያውቃሉ»።

አንድ ጊዜ በጀልባ ዘጌ ሄጄ ነበር። ዘጌ ቡናና ጌሾ በጫካ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ምድር ነው። በልማድ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም። አንዲት እናት ጌሾ ሲለቅሙ አገኘሁና የእኔ ጌሾ ለምን ቅጠሉ እንደሚያንስ ጠየቅኳቸው። «ምን ሥር ነው ያለው?» አሉኝ። «አጥር ሥር፣ ፀሐይ ላይ» አልኩ። ቅጠል በጣታቸው አጥፈው አሳዩኝ፤ ለስላሳ፣ ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ። «ይኼ ጥላ ያደገ ነው፤ አንተ አንገበገብከው» አሉ። ከዚያ ጌሾን ለቅጠል መልቀምና ለእንጨት መቁረጥ ሁለት የተለያየ አያያዝ እንደሆነ አስረዱኝ። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ። ስማቸውን የሚያውቅ ተመልካች የለም። እኔ ግን ጌሾዬ አጠገብ ወይራ ተክዬለታለሁ።

ስም ሳይጽፉ መትከል

የመጨረሻውና ቀላሉ ስህተት። ሰው ዘርቶ «አስታውሰዋለሁ» ይላል። አያስታውስም። እኔ የአሮጌ ጀሪካን ቁራጭ ላይ በማይለቅ ቀለም ጽፌ መደቡ ራስጌ ላይ እተክላለሁ። የዝርያውን ስም፣ የዘራሁበትን ቀን፣ ዘሩ የመጣበትን። ዘንድሮ አንደኛው መደብ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «ሽንኩርት፣ ቦምቤይ ሬድ፣ ጥቅምት 8፣ ከገበያ።» ሁለተኛው፦ «ከሙን፣ ሙከራ፣ ጥቅምት 20፣ ከእህቴ ልጅ።» አሁን እሷ ናት የምታጠጣው።